ጠላቷን ከፈጣሪው ለማስታረቅ የለመነች እናት

በኮሎምበስ ከተማ በፍራንክሊንተን የምንኖር ስደተኞች ነሐሴ 24 ቀን የአቡነ ተክለ ሃይማኖትን ዕረፍት ስናከብር፣ በዚያው ዕለት የምትታሰበውን የእናታችንን የቅድስት ክርስቶስ ሠምራን ገድልም እናስባለን። ሕይወቷን በአጭሩ መተረክ የፈለግነው፣ ባሕር ተሻግረን ስንመጣ ከአገር ቤት ይዘነው የመጣነውን ቂም በእርሷ ታሪክ እያየን እንድንመረምረው ነው።

ስሟ ክርስቶስ ወደዳት ማለት ነው። የተወለደችው በሸዋ ቡልጋ ሲሆን ሊቃውንት ዘመኗን በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያደርጉታል። ሠምረ ጊዮርጊስ ለተባለ ሰው ተድራ ልጆች ወለደች፤ ብዙ አገልጋዮችም ነበሯት። ገድሏ ግን በደሏን አይሸሽግም። አንዲት አገልጋይ ብታስቈጣት እሳት በአፏ ከተተችባት፤ ሴቲቱም ሞተች። ክርስቶስ ሠምራ ደንግጣ በጸሎት ወደቀች፤ ሟቿ ብትነሣላት ዓለምን ትታ እንደምትመንን ተሳለች። እግዚአብሔርም ልመናዋን ሰምቶ አገልጋይቱን አስነሣት። እርሷም ስእለቷን ለመፈጸም ባሏንና ሀብቷን ትታ በደብረ ሊባኖስ መነኰሰች።

ከዚያም ወደ ጣና ሄዳ በጓንጉት ተቀመጠች፤ በሐይቁ ውኃ ውስጥ ቆማም ለብዙ ዘመን ጸለየች። ሰይጣን ከፈጣሪው ጋር ታርቆ የሰው ልጅ ከመከራ እንዲያርፍ የለመነችው በዚህ ጊዜ ነው። ቅዱስ ሚካኤል መርቷት እስከ ሲኦል ደጅ ደረሰች። ጠላት ግን ዕርቁን ንቆ እጇን ይዞ ወደ ጨለማው ጐተታት። ሚካኤል በሰይፉ አዳናት፤ ስትወጣም ብዙ ነፍሳት ተከትለዋት ወጡ።

የሶርያው ማር ይስሐቅም በ7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ የርኅሩኅ ሰው ልብ ለአጋንንት ስንኳ እንደሚያዝን አስተምሯል። የእናታችን ርኅራኄ ግን ከገዛ በደሏ የበቀለ ነው። ለሰይጣን ምሕረት የለመነችው የእጇን ሥራ ያልረሳች ሴት ናት፤ መንገዷም የተጀመረው ከሲኦል ደጅ ሳይሆን ከገዛ ቤቷ ነው። ደግሞም ዕርቅ ሁለት ወገን ይሻል፤ ለይቅርታ ግን አንድ ልብ ይበቃል። ሰይጣን እንቢ ቢልም ድካሟ ከንቱ አልቀረም።

በ1980ዎቹ ዓ.ም. የተለያዩት አባቶቻችን በሐምሌ 2010 ዓ.ም. በዋሽንግተን ታርቀዋል። ሆኖም የአባቶች ዕርቅ የምእመናንን ልብ በራሱ አያሽርም። በመለያየቱ ዘመን ማዕድ ያቋረጡ፣ በለቅሶ ቤት ስንኳ ሰላምታ የሚነፋፈጉ ወንድማማቾች ዛሬም አሉ። በዳዩ ማን እንደነበረ ሲከራከሩ ዕድሜያቸው እያለቀ ነው። እናታችን ለጠላት ያላፈረችውን ልመና እኛ ለወንድማችን ማፈር አይገባንም። መጪው ነሐሴ 24 ሳይደርስ፣ እያንዳንዳችን ስሙን መጥራት የተውነውን አንድ ሰው አስበን ደጁን እናንኳኳ።

የእናታችን የቅድስት ክርስቶስ ሠምራ በረከቷ ይደርብን፤ አሜን።