ኤድዋርድ ሉይድና የቋንቋዎች ዝምድና

ኤድዋርድ ሉይድ እ.ኤ.አ. በ1660 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር፣ ከዌልስ ወሰን ብዙ ሳይርቅ በሎፒንግተን መንደር ተወለደ። በ1682 ዓ.ም. ወደ ኦክስፎርድ ሄዶ መማር ቢጀምርም ትምህርቱን ሳይፈጽም አሽሞሊያን በተባለው ቤተ መዘክር ተቀጠረ። በ1691 ዓ.ም. የቤተ መዘክሩ ኃላፊ ሆነ።

ሉይድ የዌልስን፣ የአየርላንድን፣ የኮርንዎልንና በፈረንሳይ አገር የሚገኘውን የብሪታኒን ቋንቋዎች ዝምድና ለመመርመር ተነሣ። ለዚህም መጻሕፍትን ማገላበጥ ብቻ እንደማይበቃ በመረዳቱ፣ ከ1697 እስከ 1701 ዓ.ም. ድረስ እየተዘዋወረ ቃላትን ከተናጋሪዎቹ አንደበት ሰበሰበ። ብሪታኒ በደረሰ ጊዜ በሰላይነት ተጠርጥሮ ታሰረ፤ በኋላም ተለቀቀ።

የሰውነት ክፍሎች ስሞች ዘወትር ስለሚነገሩ በባዕድ ቃላት በቀላሉ አይተኩም። ስለዚህ የቋንቋን ዝምድና ለመመርመር እጅግ ይጠቅማሉ። ለምሳሌ «ራስ» በዌልስኛ፣ በኮርንኛና በብሬቶንኛ «ፔን» ሲባል፣ በአይሪሽኛ «ክያን» ይባላል። ቃላቱ ላይ ላዩን ሲታዩ የማይገናኙ ይመስላሉ። ሉይድ ግን በዌልስኛ በ«ፕ» የሚጀምሩ ብዙ ቃላት በአይሪሽኛ በ«ክ» እንደሚጀምሩ አስተዋለ። በዌልስኛ እንጨት «ፕሬን» ሲሆን፣ በአይሪሽኛ ዛፍ «ክራን» ነው። እንግዲህ ልዩነቱ ሥርዐት ያለው በመሆኑ የዝምድና ማስረጃ ሆነ።

እንዲህ ያለው ንጽጽር የሰዋስው ዕውቀትንም ይጠይቃል። በአማርኛ «ራሱ»፣ «ራሷ» ስንል አገናዛቢው በቃሉ መጨረሻ ላይ ይታያል። በዌልስኛ ግን «የእርሱ ራስ» «ኢ ቤን»፣ «የእርሷ ራስ» ደግሞ «ኢ ፌን» ይባላል። «ኢ» ለሁለቱም አንድ ስለ ሆነ፣ ባለቤቱን የሚለየው የስሙ የመጀመሪያ ድምፅ ነው። ይህን ያላወቀ ሰው «ፔን»ን፣ «ቤን»ንና «ፌን»ን ሦስት የተለያዩ ቃላት አድርጎ ሊቈጥራቸው ይችላል።

ሉይድ የጥናቱን ውጤት አርኬዮሎጂያ ብሪታኒካ በተሰኘው መጽሐፉ በ1707 ዓ.ም. አሳተመ። ይሁን እንጂ የመጀመሪያውን ክፍል ብቻ አሳትሞ፣ ሃምሳ ዓመት ሳይሞላው በ1709 ዓ.ም. በኦክስፎርድ አረፈ።

ሉይድ ኮርንዎልን በጐበኘ ጊዜ የኮርንኛ ተናጋሪዎች እጅግ ጥቂት ነበሩ። ያ ምዕተ ዓመት ሲያልቅም ቋንቋው የሕዝብ መነጋገሪያ መሆኑ አከተመ። በ20ኛው ምዕተ ዓመት ቋንቋውን እንደገና ለማነቃቃት የተነሡ ሰዎች የአነጋገሩን ድምፅ ካገኙባቸው ዋና ምንጮች አንዱ ሉይድ በጽሑፍ ያቈየው ማስታወሻ ነው።