ከተበላሸ ሙከራ የተገኘ ሲሳይ፤ የካርል ዚግለር የሕይወት ታሪክ

ባለፈው ሴሚስተር አንድ የሳይንስ ፋኩልቲ ጓደኛዬን ለምሳ ልጠራው ወደ ላቦራቶሪ ብገባ፣ በደብተሩ ላይ የጻፈውን ቁጥር በላጲስ እያጠፋ ሌላ ሲተካ አገኘሁት። ምን እንደሚያደርግ ብጠይቀው፣ ሙከራው በመጽሐፉ ያለውን ውጤት አልሰጥ ስላለው ቁጥሩን ከመጽሐፉ ጋር እያስማማ መሆኑን ሳያፍር ነገረኝ። እኔ የአርት ፋኩልቲ ተማሪ ስለሆንሁ ለመፍረድ አልደፈርሁም። ጥቂት ቈይቼ ግን የአንድ ጀርመናዊ የኬሚስትሪ ሊቅ ታሪክ ሳነብ የጓደኛዬ ላጲስ ትዝ አለኝ። ስለዚህ ታሪኩን ለተማሪ ወንድሞቼና እኅቶቼ ለማካፈል አሰብሁ። ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር ነው።

ካርል ዚግለር በጀርመን አገር፣ ከካሰል ከተማ አጠገብ ባለችው በሄልሳ ኖቬምበር 26 ቀን 1898 ተወለደ። አባቱ የሉተራን ቤተ ክርስቲያን ቄስ ነበሩ። ልጁ ገና ትምህርት ቤት ሳለ አንድ የፊዚክስ መማሪያ መጽሐፍ እጁ ገባና ልቡን ወሰደው፤ ከዚያ ወዲያ በቤቱ ውስጥ ሙከራ መሥራትና ከክፍሉ ትምህርት በላይ ማንበብ ሥራው ሆነ። ማርቡርግ ዩኒቨርሲቲ በገባ ጊዜ ብዙ ዐውቆ ስለ መጣ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሴሚስተሮች እንዲዘል ተፈቀደለት። በ1918 ወታደር ሆኖ ወደ ጦር ግንባር በመሄዱ ትምህርቱ ቢቋረጥም፣ በ1920 የዶክተርነት ማዕርጉን አገኘ። ዕድሜው ያን ጊዜ የእኛን ያህል ነበር ማለት ነው።

ከ1926 እስከ 1936 በሃይደልበርግ ካስተማረ በኋላ፣ በሃሌ ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ተቋም ኀላፊ ሆነ። በእነዚህ ዓመታት ያተኰረው፣ ብረታ ብረት ከካርቦን ጋር ሲጣመር በሚፈጠሩት ቅመሞች ላይ ነበር። በተለይም ከሊቲየም ጋር የሠራው ሥራ በሊቃውንት ዘንድ ስሙን አስጠራው። ነገሩ ለገበያ የሚሆን መስሎ የታየው ሰው ግን እምብዛም አልነበረም።

በ1943፣ ጦርነቱ በጋለበት ሰዓት፣ በሩር ወንዝ ዳር ባለችው በሙልሃይም ከተማ የሚገኘውን የድንጋይ ከሰል ምርምር ተቋም እንዲመራ ተጠየቀ። የተቋሙ ስም እንደሚያመለክተው፣ የቆመው ከድንጋይ ከሰል ጥቅም ለማውጣት ነው። ዚግለር ግን ሹመቱን ዝም ብሎ አልተቀበለም፤ ከከሰል ጋር ይገናኝ አይገናኝ ሳይባል፣ በካርቦን ኬሚስትሪ ውስጥ የወደደውን ለመመርመር ሙሉ ነጻነት እንዲሰጠው አስቀድሞ ተዋዋለ። ፈቀዱለት፤ እሱም እስከ 1969 ድረስ ተቋሙን መራ። ለከሰል ሳይሆን ለነጻነት የተዋዋለው ይህ ሰው ከተቋሙ ያወጣው ሀብት ምን ያህል እንደ ሆነ ወደ ፊት እናያለን።

እንደ እኔ ለኬሚስትሪ እንግዳ ለሆነ አንባቢ እዚህ ላይ ጥቂት ማብራራት ያሻል። ኤቲሊን የሚባል ጋዝ አለ። የዚህ ጋዝ አንዲት ቅንጣት አንዲት ዶቃ ናት እንበል። ብዙ ሺህ ዶቃዎች በአንድ ክር ሲሰኩ ጋዝነታቸው ይቀርና ነጭ ጠጣር ነገር ይሆናሉ፤ ፖሊኤቲሊን የተባለው ፕላስቲክ ይህ ነው። እንዲህ ያለው ረጅም ሰንሰለት በጠቅላላው ፖሊመር ይባላል። እንግሊዞች ይህን ፕላስቲክ በ1933 አግኝተውት ነበር። ነገር ግን በእነሱ ዘዴ ለመሥራት ከ1000 አትሞስፌር የሚበልጥ ግፊትና ብርቱ ሙቀት ያስፈልግ ነበር። ሰንሰለቱም ቅርንጫፍ ስለሚያበዛ ፕላስቲኩ ለስላሳ ይሆን ነበር።

ካታሊስት የሚባለው ደግሞ ራሱ ሳያልቅ ሌሎች ነገሮች ቶሎ እንዲዋሐዱ የሚያደርግ ነው። ለጋብቻ የሚላክ ሽማግሌን ይመስላል፤ ሁለቱን ወገን አስማምቶ ያጋባል፣ እሱ ግን አያገባም፤ ወዲያው ወደ ሌላ ቤት ይላካል።

ከጦርነቱ በኋላ ዚግለር ከሊቲየም ወደ አሉሚኒየም ዞረ። የአሉሚኒየምና የካርቦን ጥምር ከኤቲሊን ጋር በ100 ዲግሪ ገደማና በ100 አትሞስፌር ገደማ ግፊት ሲገናኝ፣ ዶቃዎቹ አንድ በአንድ እየተሰኩ ሰንሰለቱ ያድግ ነበር። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ላይ ኤርሃርድ ሆልትስካምፕ የተባለ ለዶክተርነት የሚማር ወጣት ይህንኑ ሙከራ ሲደግም፣ ሰንሰለቱ ማደጉን ተወ። ሁለት ዶቃ ብቻ ተያይዞ ይቈረጣል፤ የተገኘውም ቡቲን የሚባል ጋዝ ብቻ ሆነ። ሙከራው ተበላሸ።

እንግዲህ ዕቃውን አጥቦ፣ ውጤቱን ጥሎ፣ እንደገና መጀመር ቀላል ነበር። በሙልሃይም ግን ነገሩን እንደ ጥያቄ ያዙት። ምክንያቱን ለማግኘት ብዙ ደከሙ፤ በመጨረሻም ሙከራው በተሠራበት የብረት ዕቃ ውስጥ ለዓይን የማይታይ የኒኬል ርዝራዥ እንደ ነበረ ደረሱበት። ሰንሰለቱን የቈረጠው ይህ ኢምንት ኒኬል ነው። ከዚያም ዚግለር ሌላ ጥያቄ አነሣ፤ ኒኬል ሰንሰለቱን የሚቈርጥ ከሆነ፣ ሌሎቹ ብረታ ብረቶችስ ምን ያደርጋሉ?

ሃይንትስ ብራይል የተባለው ሌላ ተማሪ ብረታ ብረቶቹን በየተራ መሞከር ያዘ። ከእነዚህም መካከል ዚርኮኒየም ሰንሰለቱን በመቍረጥ ፈንታ እጅግ አስረዝሞት ተገኘ። በ1953 መገባደጃ ላይ ደግሞ ሃይንትስ ማርቲን ቲታኒየምን ሞከረ። ይህ ከሁሉ የበረታ ሆነ፤ ብርቱ ግፊትም ሆነ ብርቱ ሙቀት ሳይፈልግ፣ የቤት እመቤቶች ፍራፍሬ በሚያቈዩበት ዓይነት ተራ የብርጭቆ ዕቃ ውስጥ፣ ጋዙ ወደ ነጭ ፕላስቲክ ተለወጠ። የዚህኛው ሰንሰለት ቀጥ ያለ ስለሆነ ፕላስቲኩ ከእንግሊዞቹ ይልቅ የጠነከረና ሙቀት የሚችል ነው። ባልዲው፣ የውሃ ቧንቧው፣ በአገራችንም እንስራን ከእናቶቻችን ጀርባ ያወረደው ጀሪካን፣ የሚሠሩት ከዚህ ዓይነቱ ፖሊኤቲሊን ነው። በየቦዩ ተወርውሮ ዘመን ሳያበሰብሰው የሚቀረው ጥራጊም የዚሁ የፕላስቲክ ዘር ነው፤ ይህን ሳይናገሩ ማለፍ ታማኝነት አይሆንም።

የሲሳዩ ክፍፍል ግን ያለ ቅያሜ አልሆነም። ሞንቴካቲኒ የተባለው የኢጣልያ ኩባንያ ከዚግለር ጋር ውል ነበረው፤ የኩባንያው አማካሪ የሚላኖው ፕሮፌሰር ጁልዮ ናታም አዲሱን ካታሊስት ለማወቅ የበቃው በዚሁ ውል ነው። ናታ በ1954 መጋቢት ወር ፕሮፒሊን በተባለው ሌላ ጋዝ ላይ ሞከረውና ፖሊፕሮፒሊንን አገኘ፤ የሰንሰለቱም ክፍሎች በሥርዓት የተሰለፉ መሆናቸውን አስረዳ። ይህ የራሱ የናታ ታላቅ ሥራ ነው። ዚግለር ግን ያንን ሙከራ እሱ ራሱ ሊገፋበት የሚገባ አድርጎ ይቈጥረው ስለ ነበር እጅግ አዘነ፤ በሁለቱም መካከል ያለው ወዳጅነት ቀዘቀዘ። በ1963 የኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ለሁለቱ በአንድነት ተሰጠ። ካታሊስቱም እስከ ዛሬ በሁለቱ ስም ይጠራል። የሆልትስካምፕ፣ የብራይልና የማርቲን ስም ግን ከኬሚስቶች ውጭ የሚያውቀው ጥቂት ነው።

ከካታሊስቱ ፈቃድ ብዙ ገንዘብ ገባ። ዚግለር ሰባ ዓመት በሞላው በ1968፣ ለተቋሙ ምርምር የሚውል 40 ሚሊዮን ያህል የጀርመን ማርክ ያለው መቋቋሚያ ተመሠረተ። ከባለቤቱ ከማሪያ ጋር የሰበሰባቸው ሥዕሎችም ለሙልሃይም ቤተ መዘክር ሆኑ። በ1973 ነሐሴ ወር በዚያው በሙልሃይም ዐረፈ።

ይህን ታሪክ ለዚያ ባለ ላጲስ ጓደኛዬ ነገርሁት። ጥቂት ዝም አለና፣ የሆልትስካምፕ ደብተር በማርክ ይታረም እንደ ነበረ ጠየቀኝ፤ የእሱን የሚያርሙት መምህር ግን የሚያዩት ቁጥሩ ከመጽሐፉ መግጠሙን እንደ ሆነ ጨመረልኝ። መልስ አጣሁ። እውነቱን ነውና፤ ሆልትስካምፕ የተበላሸውን ሙከራ ሳይደብቅ ሊያሳይ የቻለው፣ ለምን ተበላሸ ብሎ ከልቡ የሚጠይቅ አለቃ ስለ ነበረው ጭምር ነው። ስለዚህ ልመናዬ ለሁለት ወገን ነው። ተማሪው ያየውን ቁጥር ይጻፍ፤ መምህሩም ከመጽሐፉ ያልገጠመውን ቁጥር በቀይ ከመሰረዙ በፊት፣ ዕቃው ውስጥ ምን ነበር ብሎ አንድ ጊዜ ይጠይቅ።