ኦነሲሞስ ነሲብ

በኢሉባቦር አገር፥ በሑሩሙ አጠገብ፥ ከኦሮሞ ወገን አንድ ወንድ ልጅ ተወለደ። ወላጆቹም ሒካ ብለው ሰየሙት፤ ትርጓሜውም ተርጓሚ ማለት ነው። ልጁ የአራት ዓመት ሕፃን ሳለ አባቱ ሞተ። ከዚያም በኋላ ባሪያ ፈንጋዮች ከእናቱ ነጥቀው ወሰዱት። የገዛው ለሌላው እየሸጠው፥ ከጌታ ወደ ጌታ ሲተላለፍ፥ ከብዙ ቀን መንገድ በኋላ ቀይ ባሕር ዳር ምጽዋ ደረሰ። ስሙ እንኳ አልቀረለትም፤ ነሲብ ብለው ጠሩት።

ልጆች ሆይ፥ አባቱ የሞተበት፥ እናቱን የተለየ፥ ቋንቋውን የሚሰማለት ያጣ ልጅ ምን ተስፋ ነበረው? ከምጽዋ ወዲያ ያለው ባሕር ነው፤ ባሕሩን የተሻገረ ባሪያም ወደ አገሩ የሚመለስበት መንገድ አልነበረውም። ነገር ግን በባሕሩ ዳር ሳለ፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1870 ዓመት፥ ሙንዚንገር የተባለ የስዊስ አገር ሰው ነጻ አወጣው፤ የስዊድን ሚስዮናውያንም ተቀብለው በትምህርት ቤታቸው አስተማሩት። በ1872 በትንሣኤ ዕለት ተጠመቀና ኦነሲሞስ ተባለ። ይህም ስም ሐዋርያው ጳውሎስ ለፊልሞና በጻፈው መልእክት የሚገኝ የአንድ ባሪያ ስም ነው። በ1876 ወደ ስዊድን አገር ሄዶ አምስት ዓመት ተማረ።

ከዚህ ወዲያ የልቡ አሳብ አንድ ብቻ ነበረ፤ እርሱም ወደ ወገኖቹ ተመልሶ የተማረውን ማስተማር ነው። በሱዳን በኩል በዓባይ ወንዝ ሽቅብ ሄደ፤ መንገዱ ግን ተዘጋበትና በ1882 ወደ ካርቱም ተመለሰ። በዚያን ጊዜ የማህዲ ጦርነት ተነሥቶ ነበር፤ እርሱም በንዳድ ታመመ። ድኖ ወደ ምጽዋ አጠገብ ወደ እምኩሉ ገባ። ሁለተኛም በሌላ መንገድ እስከ እንጦጦ ደረሰ፤ ከዚያ ወዲያ የሚያልፍበት ፈቃድ ስላልተገኘ በ1886 አሁንም ወደ ባሕሩ ዳር ተመለሰ።

መንገድ የሚዘጋበት ሰው ሁለት ጊዜ ይደክማል፤ ሲሄድም ሲመለስም። እግዚአብሔር ስለ ምን በሩን እንዳልከፈተለት ኦነሲሞስ አልተነገረውም። የተሰጠው የቀኑ ሥራ ነበረ፤ እርሱም ቅዱሳት መጻሕፍትን ወደ ኦሮምኛ መተርጐም ነው። ተቀምጦ ሲጽፍ ግን ሌላ ኀዘን አገኘው፤ በልጅነቱ ከአገሩ ስለ ወጣ የእናቱ ቋንቋ ቃላት ከአፉ ጠፍተው ነበር። እግዚአብሔር እረኛ እንደ ሆነ የሚናገረውን የዳዊትን መዝሙር ለወገኖቹ ሊያሰማ ሲወድ፥ ቃሉን ከየት ያመጣዋል?

በዚያው በ1886 ወደ ዓረብ አገር ባሪያ ጭኖ የሚሄድ መርከብ ተያዘ። ከዚያ ነጻ ከወጡት መካከል አስቴር ጋኖ የተባለች የኦሮሞ ልጅ ወደ እምኩሉ መጣች። እርስዋ የአገርዋን ቋንቋ ጠንቅቃ ታውቅ ነበር፤ ተረቱንም ዘፈኑንም አልረሳችውም። ወደ ዐሥራ አምስት ሺህ የሚያህል ቃል ሰብስባ ጻፈች። ለኦነሲሞስ የጐደለው እርሱ ነበረ፤ የላከለት ማን እንደ ሆነም አልጠፋውም። በ1893 ሐዲስ ኪዳን፥ በ1899 መላው መጽሐፍ ቅዱስ በኦሮምኛ ታተመ። የአስቴር ስም በመጽሐፉ ላይ አልተጻፈም፤ ስለዚህ እኛ እዚህ ጽፈነዋል። በ1894 ደግሞ፥ እንደ እናንተ ማንበብ ለሚጀምሩ ልጆች፥ ሁለቱ የኦሮምኛ ማንበቢያ አሳተሙ።

በ1904 በሩ ተከፈተ። ኦነሲሞስ ከሠላሳ ዓመት በላይ ከቈየ በኋላ መጽሐፉን ይዞ ወለጋ ገባ፤ የነቀምቴ ገዥ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔርም በክብር ተቀበሉት። ችግሩ ግን አላለቀም። በ1906 ተከሶ ወደ አዲስ አበባ ተጠራ፤ ዳግማዊ ምኒልክ ወደ ነቀምቴ እንዲመለስ ቢፈቅዱለትም እንዳይሰብክ ተከለከለ። እርሱም ዝም ብሎ በነቀምቴ ተቀመጠ፤ በእምኩሉ መጠበቅን ተምሮ ነበርና። በ1916 ልጅ ኢያሱ የማስተማር ፈቃድ ሰጡት።

ኦነሲሞስ በ1931 በነቀምቴ ዐረፈ። የቀበሩትም ቋንቋውን የሚናገሩ ሰዎች ነበሩ።