እጨጌ ዕንባቆም፦ ለሰይፍ በብዕር የመለሱ አባት

ሰው ሃይማኖቱን ስለ ለወጠ በሕግ ሊቀጣ ይገባዋልን? ይህ ጥያቄ በዛሬው ዓለም ገና አልተዘጋም። መልሱን ለመፈለግ ግን ሩቅ አገር መሄድ አያሻንም። ጥያቄውን በሕይወታቸው የተሸከሙ አንድ አባት በገዛ ታሪካችን ውስጥ አሉ፤ እኚህም የደብረ ሊባኖሱ እጨጌ ዕንባቆም ናቸው። (ዓመታቱን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ጽፈናል።)

ዕንባቆም የተወለዱት በየመን ሲሆን ያደጉትም በእስልምና ሃይማኖት ነበር። ወደ ኢትዮጵያ የመጡት በዐፄ እስክንድር ዘመን፣ በ15ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ ነው። ቁርኣንን ጠንቅቀው ያውቁ ስለ ነበር፣ በዚያው መጽሐፍ ስለ ክርስቶስ የተነገረው ቃል ልባቸውን ጥያቄ አሳደረበት። ጥያቄያቸውን ይዘው ከአበምኔቱ ከአባ ጴጥሮስ ዘንድ ቀረቡ፤ አባ ጴጥሮስም አስተማሯቸው፣ አጠመቋቸውም። ከዚያም በደብረ ሊባኖስ መነኰሱ።

ይህ ቀላል እርምጃ አልነበረም። የአራቱም የሱኒ የሕግ ትምህርት ቤቶች የጥንት ሊቃውንት፣ ለአቅመ አዳም የደረሰና አእምሮው የተስተካከለ ወንድ እስልምናን ቢተው በሞት ይቀጣል ብለው ደንግገዋል። ብዙዎቹ ንስሐ እንዲገባ ጊዜ ይሰጠው ይላሉ፤ እምቢ ካለ ግን ፍርዱ ሰይፍ ነው። ትዳሩ ይፈርሳል፣ ውርሱም ይቀርበታል። ቁርኣን ራሱ ሃይማኖቱን ለሚተው ሰው በዚህ ዓለም የሚፈጸም የሞት ቅጣት አይዘረዝርም፤ ሊቃውንቱ ፍርዱን ያወጡት በዋናው ከሐዲስ ነው። ስለዚህ ዛሬ ይህን ፍርድ የሚቃወሙ ሙስሊም ሊቃውንትም ጥቂት አይደሉም። በዕንባቆም ዘመን ግን በተወለዱበት አገር የሚጠብቃቸው ያ የጥንቱ ሕግ ነበር።

ዕንባቆም በትምህርት ተግተው ግዕዝን አደላደሉ። የቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅን የዕብራውያን መልእክት ትርጓሜም ወደ ግዕዝ መለሱ። በዐፄ ልብነ ድንግል ዘመንም አባ ጴጥሮስን ተክተው የደብረ ሊባኖስ ዐሥራ አንደኛው አበምኔት ሆኑ።

እዚህ ላይ ልብ እንበል። መከራው የመጣባቸው ከሸሹት ወገን ብቻ አልነበረም። ለንጉሡ ታማኝ አይደለም ተብለው ተከሰሱና በክርስቲያኑ ቤተ መንግሥት ሞት ተፈረደባቸው። ፍርዱ ወደ ግዞት ተለወጠላቸውና ከሞት ተረፉ፤ ሹመታቸውን ግን አጡ። እስልምናን በመተዋቸው ሰይፍ የሚገባቸው ሰው፣ በተጠጉበትም ቤት ከሰይፍ ለጥቂት አመለጡ።

ጥቂት ቆይቶ የኢማም አሕመድ ጦርነት ተነሣ። በ1529 የሽምብራ ኩሬ ጦርነት ተደረገ፤ በ1531 ደብረ ሊባኖስ ተቃጠለ። አብያተ ክርስቲያናት ነደዱ፣ መነኮሳት ተገደሉ፣ እጅግ ብዙ ሕዝብም ነፍሱን ለማትረፍ ሃይማኖቱን ለወጠ። ዕንባቆም ከቦታ ወደ ቦታ ተሰደዱ። ከማንም በላይ መደበቅ የሚገባቸው እሳቸው ነበሩ፤ በኢማሙ ሕግ ዐይን ተራ ጠላት ሳይሆኑ ከሃዲ ነበሩና። እሳቸው ግን በ1540 አንቀጸ አሚን የተባለውን መጽሐፍ ለኢማሙ ጻፉ። ስለ ክርስትና ሲከራከሩ ከቁርኣን እየጠቀሱ ነው፤ አድማጩ በሚያከብረው መጽሐፍ አስረዱ። ሰይፍ ለያዘ ሰው በምክንያት መለሱለት።

ኢማም አሕመድ በ1543 በወይና ደጋ ሞተ። ዐፄ ገላውዴዎስም ዕንባቆምን አክብረው ወደ ሹመታቸው መለሷቸው። በዚያ ዘመን ቤተ ክርስቲያን ከባድ ጥያቄ ገጠማት፦ በፍርሃት የካዱት ልጆቿ ሲመለሱ ምን ይደረጉ? መልሷ ሰይፍ አልሆነም። መጽሐፈ ቄደር እየተጸለየላቸው፣ ንስሐ እየገቡና በውኃ እየተረጩ ተቀበለቻቸው።

ዕንባቆምም በ1553 መጽሐፈ በራላም ወይዋስፍን ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ መለሱ። ታሪኩ ክርስቲያኖችን ስለሚያሳድድ ንጉሥና የአባቱን ሃይማኖት ትቶ ክርስቲያን ስለ ሆነ ልጁ ነው። ይህን መጽሐፍ ሲተረጕሙ የራሳቸውን ወጣትነት ሳያስቡ አልቀሩም ይሆናል።

ወጣቶች ሆይ፤ ከዚህ ሕይወት ምን እንማራለን? ዕንባቆም ወደ እኛ ሃይማኖት በመምጣታቸው ብቻ ብንደሰት ትምህርቱ ጎደሎ ይሆናል። በ1878 በቦሩ ሜዳ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ የወሎን ሙስሊሞች ክርስትናን እንዲቀበሉ አስገድደዋል። በእኛ ላይ ሲደረግ ግፍ ያልነው፣ በእኛ እጅ ሲደረግ ጽድቅ ሊሆን አይችልም። በሰይፍ የተያዘ ሰው አንገቱን እንጂ ልቡን አልሰጠም።

የ1948ቱ የሰብዓዊ መብቶች ሁለንተናዊ መግለጫ በአንቀጽ 18 ሰው ሃይማኖቱን የመለወጥ ነፃነት እንዳለው ይደነግጋል፤ ኢትዮጵያም ደግፋ ድምፅ ሰጥታለች። የ1995ቱ የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 27 ማንም በሃይማኖት ጉዳይ እንዳይገደድ ይከለክላል። ጎረቤታችን ሱዳን እስልምናን በሚተው ላይ የነበረውን የሞት ቅጣት በ2020 ከሕጓ ሰርዛለች። ይሁንና ይህ ቅጣት በሕግ የሚሠራባቸው አገሮች ዛሬም አሉ።

እንግዲህ በእምነቱ ምክንያት ለታሰረ ሁሉ እንጸልይ። ሙስሊም ጎረቤታችን ጥያቄ ሲያነሣብንም አንቆጣ፤ እንደ ዕንባቆም መጽሐፍ እንመርምር፣ በትሕትናም እንመልስ። የአባታችን የዕንባቆም በረከት ከሁላችን ጋር ይሁን፤ አሜን።