ሰር ሮበርት ቶረንስ፦ የመሬት መዝገብና የባለፈቃዱ አዋዋይ አባት

በመሬትና በሕንፃ ግብይት ላይ የሚሰማራ ባለሙያ ምን ያህል መማር፣ በምን ዓይነት ፈተና መመዘንና ፈቃዱንስ ከማን መቀበል ይገባዋል የሚለው ጥያቄ፣ በየአገሩ ሕግ በተሻሻለ ቁጥር እንደ አዲስ ይነሣል። የትምህርቱ ሰዓት ሲጨምር ወይም የፈተናው ይዘት ሲለወጥ ክርክሩ አብዛኛውን ጊዜ በሰዓቱና በማለፊያው ነጥብ ዙሪያ ይሽከረከራል። ከዚህ በስተጀርባ ያለው ቁም ነገር ግን የቆየ ነው፤ ይኸውም ፈቃድ የሚሰጠው ሕዝቡን ለመጠበቅ ነው ወይስ ሙያውን ለጥቂቶች አጥሮ ለማቆየት የሚል ነው። ለዚህ ጥያቄ መቶ ስልሳ ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ በደቡብ አውስትራሊያ ምላሽ የሰጡት ሰው ጠበቃም ቀያሽም አልነበሩም፤ የጉምሩክ ሹም ነበሩ። እኒህም ሰር ሮበርት ሪቻርድ ቶረንስ ናቸው። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ትውልድና የመጀመሪያ ሥራ

ቶረንስ በ1814 በአየርላንድ፣ በኮርክ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ኮሎኔል ሮበርት ቶረንስ የታወቁ የኢኮኖሚ ሊቅ ሲሆኑ፣ ደቡብ አውስትራሊያን በሰፋሪዎች ለማቅናት ለንደን ላይ የተቋቋመው ኮሚሽን ሊቀ መንበር ነበሩ። የአደሌድን ከተማ አቋርጦ የሚፈሰው ወንዝ እስከ ዛሬ የሚጠራው በእኒሁ አባት ስም ነው። ልጅየው በደብሊን ትሪኒቲ ኮሌጅ ተምረው በ1835 የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን ካገኙ በኋላ፣ በ1836 በለንደን ጉምሩክ ሥራ ያዙ። በ1840 መጨረሻ ከባለቤታቸው ጋር አደሌድ ደርሰው የቅኝ ግዛቲቱ የጉምሩክ ሹም ሆኑ።

የጉምሩክ ሹም ተግባር ቀረጥ መሰብሰብ ብቻ አልነበረም፤ መርከቦችንም መመዝገብ ነበረበት። በእንግሊዝ ሕግ መሠረት የአንድ መርከብ ባለቤትነት በ64 ድርሻ ተከፍሎ በመዝገብ ይሰፍራል። ድርሻውን የሚሸጥ ሰው ዝውውሩን በመዝገቡ ላይ ያስጽፋል፤ ገዢውም መዝገቡን ተመልክቶ ባለቤቱ ማን እንደሆነና በመርከቡ ላይ ዕዳ መኖር አለመኖሩን ያውቃል። ዛሬ እዚህ፣ ነገ በሌላ ውቅያኖስ የሚገኝን ንብረት በዚህ መንገድ ያለ ብዙ ጣጣ መሸጥና መለወጥ ከተቻለ፣ ከቦታው የማይነቃነቀውን መሬት በተመሳሳይ መንገድ ማዛወር የማይቻልበት ምክንያት ምንድን ነው የሚለው ሐሳብ በቶረንስ አእምሮ የተፀነሰው ከዚህ የዕለት ተዕለት ሥራ ነበር።

የአሮጌው ሥርዓት ጣጣ

አደሌድ በኮሎኔል ዊልያም ላይት መሪነት በ1837 የተቀየሰች አዲስ ከተማ ነበረች። የመሬቱ ሕግ ግን ከእንግሊዝ እንዳለ የመጣ አሮጌ ሕግ ነበር። በዚህ ሕግ ባለቤትነት የሚረጋገጠው በሰነዶች ሰንሰለት ነው። መሬት የሚገዛ ሰው የሻጩን ሰነድ ብቻ ሳይሆን፣ ሻጩ የገዛበትን፣ ከዚያም በፊት የነበረውን፣ እንዲህ እያለ ወደ ኋላ በጠበቃ ማስመርመር ነበረበት። ከሰንሰለቱ አንዱ ቀለበት ቢጠፋ ወይም ጉድለት ቢገኝበት ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ይናጋል። ይባስ ብሎም ዛሬ በብዙ ወጪ የተደረገው ምርመራ ለነገው ገዢ ዋስትና ስለማይሆነው፣ ያው ድካምና ያው ወጪ በእያንዳንዱ ሽያጭ ይደገማል። መሬት እንደ ሸቀጥ ከእጅ ወደ እጅ በሚዘዋወርበትና ብዙዎች ባለመሬቶች ባሕር ማዶ በሚኖሩበት አዲስ አገር ይህ ሥርዓት ሊያዛልቅ አልቻለም።

በ1853 ቶረንስ ጠቅላይ መዝጋቢ ሆነው ተሾሙ። ሰነዶቹ የሚቀመጡበትን መሥሪያ ቤት ሲመሩ ብልሽቱን ከቅርብ አዩት። ቅኝ ግዛቲቱ ራሷን የምታስተዳድርበት ሕገ መንግሥት ሲጸና በ1857 የምክር ቤት አባል ሆነው ተመረጡ፤ በዚያው ዓመት በመስከረም ወር ለአንድ ወር ያህል ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። የማይንቀሳቀስ ንብረት ሕግ ረቂቃቸው በጠበቆች ዘንድ ብርቱ ተቃውሞ ቢገጥመውም፣ በሕዝቡ ድጋፍ በምክር ቤቱ አልፎ ጃንዋሪ 27 ቀን 1858 ጸደቀ፤ በዓመቱ አጋማሽም ሥራ ላይ ዋለ። ቶረንስም የምክር ቤት መቀመጫቸውን ለቀው ሕጉን ራሳቸው ሊያስፈጽሙ ወደ መዝጋቢነቱ ተመለሱ።

የአዲሱ ሥርዓት አሠራር

የሕጉ አሠራር እንደሚከተለው ነበር። እያንዳንዱ ቁራሽ መሬት በመዝገቡ ውስጥ የራሱ ገጽ ይኖረዋል። በገጹ ላይ የባለቤቱ ስም፣ የመሬቱ ፕላን፣ መያዣ ወይም ኪራይ ካለ እርሱም ይሰፍራል። የማረጋገጫው አንድ ቅጂ ለባለቤቱ ይሰጣል። ሽያጭ የሚጸናው ሰነዱ በመፈረሙ ሳይሆን በመዝገቡ ላይ በመጻፉ ነው። በማታለል የተገኘ ካልሆነና ሕጉ ከዘረዘራቸው ጥቂት ምክንያቶች በቀር የተመዘገበ መብት አይነካም። መዝጋቢው ተሳስቶ አንድን ሰው ርስቱን ቢያሳጣው፣ ከተመዝጋቢዎች ከሚሰበሰብ አነስተኛ ክፍያ በተጠራቀመ የዋስትና ገንዘብ ካሣ ይከፈለዋል። ከሕጉ በኋላ ከዘውዱ የሚሸጥ መሬት ሁሉ ወዲያውኑ በዚህ ሥርዓት ሥር ይውላል። ቀደም ብሎ የተያዘው ግን ባለቤቱ ሲያመለክት፣ ሰነዱ ተመርምሮና ተቃዋሚ ካለ እንዲቀርብ በማስታወቂያ ተጠርቶ ይገባል። አሮጌው ምርመራ ለመጨረሻ ጊዜ ይደረጋል፤ ከዚያ ወዲያ አይደገምም ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ይህ መዝገብ የሚጀምረው ዘውዱ ከሰጠው መሬት ነው። አደሌድ የተቆረቆረችበትን አገር ከጥንት ጀምሮ ይዘው የኖሩት የካውርና ሕዝብ ይዞታ በአንዱም ገጽ አልሰፈረም፤ የ1836ቱ የንጉሡ ደብዳቤ የነባሩን ሕዝብ በመሬቱ ላይ የመኖር መብት ቢጠቅስም በተግባር ተዘንግቷል። ርግጠኛ መዝገብ የሚያጸናው የተጻፈበትን ብቻ መሆኑን ከዚህ መረዳት ይቻላል።

የሐሳቡ ምንጭ ማን ነው የሚለውም ያከራክራል። በአደሌድ ይኖሩ የነበሩት የሐምቡርግ ተወላጅ የሕግ ሊቅ ዶክተር ኡልሪኽ ሁበ፣ በትውልድ ከተማቸው ከጥንት ጀምሮ የሚሠራበትን የመሬት መዝገብ የሚያስረዳ መጽሐፍ በ1857 አሳትመው ነበር። ድርሻቸው ቀላል እንዳልሆነ የታሪክ ጸሐፊዎች ይስማማሉ። ሆኖም ሐሳቡን ሕግ፣ ሕጉንም መሥሪያ ቤት ያደረጉት ቶረንስ ነበሩ።

የባለፈቃዱ አዋዋይ መፈጠር

ሕጉ ቢወጣም የሚሠራበት ባለሙያ ያስፈልገው ነበር። ብዙዎቹ ጠበቆች የአሮጌው ምርመራ ገቢያቸው ስለነበረ ከአዲሱ ሥርዓት ራቁ፤ ደንበኞቻቸውም እንዳይገቡበት መከሩ። እዚህ ላይ ቶረንስ ቢያመነቱ ኖሮ ሕጉ በወረቀት ላይ ቀርቶ ነበር። በተከታታይ ማሻሻያዎች ግን ጠበቃ ያልሆነ፣ ነገር ግን ለሥራው ተገቢና ታማኝ መሆኑ የታመነበት ሰው ከጠቅላይ መዝጋቢው ፈቃድ ተቀብሎ የመሬት ዝውውር ሰነድ እንዲያዘጋጅ ተፈቀደ። ይህ ባለፈቃድ ሻጭና ገዢን የሚያገናኝ ደላላ ሳይሆን ውሉን የሚያሰናዳ አዋዋይ ነበር። ቅጾቹ አጫጭርና የታተሙ፣ መዝገቡም ግልጽ ስለሆነ፣ አስተዋይ ሰው ሥራውን ለመማር የጠበቃ ትምህርት አያስፈልገውም የሚል እምነት ነበር መሠረቱ።

ተቃውሞው ግን በዚህ አላበቃም። የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዳኛ ቤንጃሚን ቡዝቢ ሕጉ ከእንግሊዝ ሕግ ጋር ይቃረናል በማለት ዋጋ እንዳይኖረው ፈረዱ። በመቶ የሚቆጠሩ ባለርስቶች የያዙት ማረጋገጫ ተራ ወረቀት ሊሆን ተቃረበ። ነገሩ የተቋጨው የእንግሊዝ ፓርላማ በ1865 የቅኝ ግዛቶችን ሕጎች የሚያጸና አዋጅ ባወጣ ጊዜ ነው። ቡዝቢም በ1867 ከዳኝነት ተነሡ።

ይህ በእንዲህ እንዳለ ሥርዓቱ ተስፋፋ። ኩዊንስላንድ በ1861፣ ቪክቶሪያ፣ ታዝማኒያና ኒው ሳውዝ ዌልስ በ1862፣ ኒውዚላንድ በ1870፣ ምዕራብ አውስትራሊያ በ1874 ተመሳሳይ ሕግ አወጡ። መዝገቡን የተቀበሉ ሁሉ ግን አዋዋዩን በእኩል አልተቀበሉትም። በአብዛኞቹ ዘንድ ሥራው በጠበቆች እጅ ቆየ፤ በኒው ሳውዝ ዌልስ ስለ ባለፈቃድ አዋዋዮች ራሱን የቻለ የፈቃድ ሕግ የወጣው በ1992 ነው።

የመጨረሻ ዘመናቸውና ውርሳቸው

ቶረንስ በ1863 ወደ እንግሊዝ ተመለሱ። ከ1868 እስከ 1874 የካምብሪጅ ከተማ እንደራሴ ሆነው በፓርላማ ተቀመጡ፤ በ1872ም የሰርነት ማዕረግ ተሰጣቸው። የትውልድ አገራቸውን የመሬት ሕግ እንደ ቅኝ ግዛቲቱ ለመለወጥ ያደረጉት ጥረት ግን በሕይወት ሳሉ ፍሬ አላፈራም። ኦገስት 31 ቀን 1884 በፋልመዝ ከተማ አርፈው፣ በዴቨን ክፍለ ሀገር በሉዝደን ቤተ ክርስቲያን ተቀበሩ። ልጅ አልነበራቸውም።

እርሳቸው የፈጠሩት ሙያ ግን አደገ፤ ሲያድግም ተለወጠ። መያዣው፣ የከተማ ፕላኑ፣ ግብሩና የጋራ ሕንፃው እየተወሳሰበ በመጣ ቁጥር፣ ታማኝነትና አስተዋይነት ብቻቸውን በቂ አልሆኑም። በደቡብ አውስትራሊያ የ1973ቱ ሕግ ወኪሎችን፣ አዋዋዮችንና ገማቾችን በአንድነት ሥርዓት አስያዘ። የ1994ቱ ሕግ ደግሞ የሙያውን መጠሪያ ለውጦ፣ በደንብ የተወሰነ የትምህርት ደረጃ የሌለው ሰው እንዳይመዘገብ ከለከለ። በ2016 የወረቀቱ ማረጋገጫ ቀርቶ መዝገቡ በኤሌክትሮኒክ ዘዴ ሲተካ፣ ባለሙያው የደንበኛውን ማንነት የማረጋገጥ ኃላፊነትም በትከሻው ላይ ወደቀ።

እንዲህ ሲታይ በትምህርቱና በፈተናው ላይ የተደረገው ለውጥ የቶረንስን ዓላማ የሚያፈርስ አይደለም። እርሳቸው የተቃወሙት ዕውቀትን ሳይሆን ለሥራው የማያስፈልግን ዕውቀት እንደ አጥር መጠቀምን ነበር። ስለዚህ አዲስ ኮርስ ወይም አዲስ ፈተና በሚታወጅበት ጊዜ ሁሉ በሕይወታቸው የተነሣው መለኪያ ይሠራል፤ የሚጠየቀው ዕውቀት ቤት የሚገዛውን ሰው ከጉዳት የሚያድን ከሆነ ሸክሙ ቢከብድም ተገቢ ነው፤ አዲስ ገቢን ከደጅ ለመመለስ ብቻ የሚያገለግል ከሆነ ግን በ1858 የተሻረው አሮጌ ጣጣ በሌላ ስም ተመልሶ መጥቷል ማለት ነው።