ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል፤ በሽምግልናቸው ደቀ መዝሙር የሆኑ መምህር

ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር በ1791 ዓ.ም. በጎጃም፣ በመርጡለ ማርያም አካባቢ ተወለዱ። በልጅነታቸው አንድ ዓይናቸውን ቢያጡም የትምህርት ፍቅራቸው አልቀነሰም። በመርጡለ ማርያም ገዳም መንኵሰው፣ መጻሕፍትን እየመረመሩ እስከ ጎንደር ዘለቁ። ሃምሳ ዓመት ሲሞላቸው በሊቃውንት ዘንድ የተከበሩ መምህር ነበሩ።

በ1841 ደጃዝማች ውቤ ጳጳስ የሚያመጡ መልእክተኞችን ወደ ግብጽ ሲልኩ እርሳቸውም አብረው ሄዱ። በዚያ ጉዞ ላይ የአገራችን ሰው አቡነ ያዕቆብ ብሎ የሚጠራቸው ኢጣሊያዊው የላዛሪስት ማኅበር ካህን፣ ቅዱስ ዮስጢኖስ ደ ያቆቢስ ነበሩ። ከካይሮ ወደ ሮማ ተሻግረው ከርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጎርጎርዮስ 16ኛ ፊት ቀረቡ፤ ኢየሩሳሌምንም ተሳለሙ። አባ ገብረ ሚካኤል ከብዙ ምርምር በኋላ በ1844 ከካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን ጋር አንድ ሆኑ።

አቡነ ያዕቆብ የተወለዱት በ1800 ነው። ውድ አንባብያን፣ በአገራችን ልማድ የሸመገለ መምህር በዘጠኝ ዓመት ከሚያንሰው ሰው፣ ያውም ከባዕድ፣ እግር ሥር መቀመጡ ቀላል አይደለም። እኔን ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ግን የታናሹ አያያዝ ነው። ሽማግሌውን ከሕፃናት ጋር እንደ ጀማሪ አላስቀመጧቸውም፤ ወጣቶች ለክህነት በሚዘጋጁበት ትምህርት ቤት መምህር አደረጓቸው እንጂ። የትምህርተ ክርስቶስ መጽሐፍ ለአገሩ ሰው ሲያዘጋጁም የግእዙን ሊቅነት ከእርሳቸው ተበደሩ። እኛ በዘርዓ ክህነት ከልጅነታችን ጀምረን ዓመት ቈጥረን የወጣን ካህናት፣ አባ ገብረ ሚካኤል በጥር 1 ቀን 1851 ክህነት ሲቀበሉ ስድሳ ዓመት ገደማ እንደነበሩ ልብ እንበል። እጃቸውን የጫኑባቸውም ከሁለት ዓመት በፊት ጵጵስና የተቀበሉት እኚሁ ታናሻቸው ነበሩ።

በ1854 ሁለቱም በጎንደር ታሰሩ። አቡነ ያዕቆብ ከአገር ተባረሩ፤ አባ ገብረ ሚካኤል ግን ከወጣት ባልንጀሮቻቸው ጋር በእስር ቀሩ። በኋላም ከወጣቶቹ ተለይተው በሰንሰለት ታስረው የዐፄ ቴዎድሮስን ሠራዊት እየተከተሉ ተንከራተቱ፤ በ1855ም በዚያው መከራ ዐረፉ። ከታሳሪዎቹ አንዱ የነበሩት አባ ተክለ ሃይማኖት ዘዓድዋ ከዚያ ተርፈው የአቡነ ያዕቆብን ገድል ጻፉ።

አቡነ ያዕቆብ በ1860 በቈላ መንገድ ላይ ሳሉ ዐረፉ። ብፅዕናቸው የታወጀው በ1939 ሲሆን፣ የሽማግሌው ደቀ መዝሙራቸው ብፅዕና ግን ዐሥራ ሦስት ዓመት ቀድሞ በ1926 ታውጆ ነበር።