ባርተለሚ ቦጋንዳና የአራቱ ቅኝ ግዛቶች ኅብረት

የመካከለኛው አፍሪካ ቅኝ ግዛቶች ነጻነታቸውን በተናጠል ይቀበሉ ወይስ በአንድ የጋራ መንግሥት ሥር ይጠቃለሉ የሚለው ጥያቄ በተነሣበት ጊዜ፣ ከማንም አስቀድሞ ለኅብረት የተሟገተው የኡባንጊ-ሻሪው ተወላጅ ባርተለሚ ቦጋንዳ ነበር።

ቦጋንዳ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1910 ነው። ፈረንሳይ በአካባቢው የያዘቻቸውን ግዛቶች በአንድ ጠቅላይ ገዥ ሥር ያዋለችውም በዚያው ዓመት ስለሆነ፣ ሰውየውና ቅኝ ገዥዎች ለራሳቸው ምቾት ያቆሙት ፌዴሬሽን እኩዮች ነበሩ ማለት እንችላለን። እናቱ የተጣለባትን የጎማ መጠን አላቀረብሽም ተብላ በኩባንያ ዘበኞች ተደብድባ ሞተች። ሚሲዮናውያን ያሳደጉት ይህ ልጅ በ1938 ካህን፣ በ1946 የፈረንሳይ ምክር ቤት አባል ሆነ፤ በ1949 ሜሳን የተባለውን ንቅናቄ መሠረተ፤ ኋላም አግብቶ ክህነቱን ተወ።

በ1956 የወጣው የፈረንሳይ ሕግ ሥልጣንን ለየግዛቱ ሲያከፋፍል የብራዛቪሉ የጋራ አስተዳደር ባዶ ቅርፊት ሆነ። ቦጋንዳ በ1957 የፌዴሬሽኑ ታላቅ ምክር ቤት ፕሬዚዳንት ሆኖ የተመረጠው ቤቱ በመፍረስ ላይ ሳለ ነበር። መከራከሪያው ተጨባጭ ነው፤ ኡባንጊ-ሻሪ ባሕር የላትም። ጥጧ በወንዝ ወደ ብራዛቪል ወርዶ፣ ከዚያ በባቡር ወደ ፑዋንት-ኑዋር ወደብ ይጓዛል። ያንን ሐዲድ ከ1921 እስከ 1934 በግዴታ ሥራ ከዘረጉት መካከል ከኡባንጊና ከቻድ የተጋዙ ብዙዎች ነበሩ፤ በሺህ የሚቆጠሩ ሠራተኞችም አልቀውበታል። አባቶች የወደቁበት መንገድ ለልጆች የባዕድ አገር ንብረት ሊሆን ነበር።

ጋቦን ግን እምቢ አለች። የደኗ ሀብትና በ1957 መውጣት የጀመረው ነዳጇ የሚያስገኘው ገቢ ለጎረቤቶች ቀለብ ይሆናል የሚለው የመሪዋ የሌዮን ምባ ወገን ቅሬታ ፈጽሞ መሠረተ ቢስ ነው አንልም። ይሁን እንጂ ለፓሪስ ሞኖፖሎች ከአንድ ጠንካራ መንግሥት ይልቅ አራት ደካሞች እንደሚመቹ ግልጽ ነው። ቦጋንዳም ቢሆን በመስከረም 1958ቱ ሕዝበ ውሳኔ ለኅብረቱ ዋስትና ሳይጨብጥ ለፈረንሳይ ማኅበረሰብ የአዎንታ ድምፅ እንዲሰጥ መቀስቀሱ፣ ጉዳዩንም ለአራቱ ግዛቶች ሰፊ ሕዝብ ከማቅረብ ይልቅ በመሪዎች ድርድር ላይ መተማመኑ በእኛ አስተያየት ከባድ ስሕተት ነበር።

ኅዳር 28 ቀን 1958 ሦስቱ ግዛቶች የየራሳቸውን ሪፐብሊክ አወጁ። ከሦስት ቀናት በኋላ ቦጋንዳ ለአራቱም ያዘጋጀውን የመካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክ የሚል ስም ለብቻዋ ለቀረችው ለኡባንጊ-ሻሪ ሰጠ። ካሜሩንን፣ የቤልጂክ ኮንጎንና አንጎላን ጭምር ስለሚያቅፍ ኅብረት ማለሙን ግን አልተወም፤ መጋቢት 29 ቀን 1959 የተሳፈረበት አውሮፕላን ተከስክሶ ሞተ።

በነሐሴ 1960 ቻድ በ11፣ የመካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክ በ13፣ ኮንጎ በ15፣ ጋቦን በ17 ነጻነታቸውን አወጁ፤ በአንድ ሳምንት ውስጥ አራት ባንዲራዎች ለየብቻ ተሰቀሉ።